ሰዓቱ የሚቆመው በሦስተኛው ፈረስ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶብስ ነድቻለሁ፣
ከአፉላ ናዝሬት፣ ከናዝሬት አፉላ ተመላልሻለሁ፤
ፍሬን የሚሉትን በእግሬ አውቀዋለሁ።
ዛሬ ግን ከሥሬ ያለችው ዳማ
ፍሬኗ የት እንዳለ አልነገረችኝማ።

የካቲት ነው። የገሊላዋ ቤተ ልሔም
(ያችኛዋ አይደለችም፤ ሰብአ ሰገል አልመጣባትም)
ሌሊቱን ዘንቦባት፣ ጭቃዋ እንደ ገንፎ፣
ከበሉጡ ዛፍ ሥር
ጎርፉ ያልወሰደው ቀይ አበባ ተርፎ።

ሕጉን ንዳል ነገረኝ፣ ኮርቻ እያጠበቀ፣
የዛርዚሩ ልጅ፣ ፈረስን ከእናቱ ጡት ጋር ያወቀ፦
«አራት ሆነን እንነሳለን፣ አብረን፣ በአንድ ጊዜ፤
ግንድ አለ፣ ጉድባ አለ፣ የጭድ ክምር አለ፤ አይያዝሽ ትካዜ፤
ሰዓቱ የሚቆመው በሦስተኛው ፈረስ ነው፤
አራተኛው ለክፉ ቀን ነው።»
አራተኛዋ እኔ ነኝ።
ትርፍ ጎማ ማለት ነው፤ ሥራዬ ነውና ገባኝ።

ፊት አቢሻግ፣ የፍየል አይብ የምትሸጠው፣
ስድሳ ሁለት ዓመት ጉልበቷን ያልበገረው፤
ቀጥላ ጾፊት፣ ከውትድርና ትናንት የተሰናበተች፣
ማስቲካ እያላመጠች፤
ከዚያ ንዳል። ከዚያ እኔ፣ ትርንጎ፣ ሲያሾፉ «ኤትሮግ» የሚሉኝ፣
ጥሩር መሳይ ሰደርያ ጎኔን ሰቅዞ የያዘኝ።

ባንዲራው ወረደ።
እኔ የሄድኩ አልመሰለኝም፤ መሬቱ ነው የሄደ።

ግንዱ መጣ፤ አየሁት፤ አለፈ፤ መሃሉን አላስታውስም፤
ዳማዬ የዘለለችውን ያህል እኔ አልዘለልኩም፤
አየር ላይ ተለያይተን ማዶ ተገናኘን፣
እሷ በእግሯ፣ እኔ በጋማዋ፣
ይቅር ተባባልን።
«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ ነበር የምሰማው፤
እስኪያደርስ ድረስ የሚሆነውን ግን
ተረቱ ለምን ዘለለው?

የተረቱ በሬ ሣሩን አይቶ ገደሉን ባያይ፣
የጾፊት ጉራቻ ጉድባውን አየ፣ ሣሩን ሳያይ፤
ቆመ።
ጾፊት ግን አልቆመችም።
ጭቃው ውስጥ ተቀምጣ፣ ማስቲካዋን ሳትተፋ፣
«ደህና ነኝ፣ ሂዱ!» ትላለች፣ አየሩን በእጇ ስትገፋ።

እንደ ተሳፋሪ ቆጠርኩ፦
አንድ፣ አቢሻግ። ሁለት፣ ንዳል።
ሦስት
ትርፉ ጎማ መሬት ነካ።
ሰዓቱ እኔን ሊጠብቅ ነው ለካ።

ሰዓት ሲያሳድደኝ ነው የኖርኩ፣ በመነሻ፣ በመድረሻ፣
ሁለት ደቂቃ ባረፍድ አለቃዬ ቁጡ እንደ ውሻ፤
«አንቺ እስክትመጪ አይቆጠርም» ያለኝ ግን ማንም የለም።
አሁን ንዳል ዞሮ፦ «ያላ፣ ትርንጎ! ያለ አንቺ አንደርስም!»

ልጓሙን ለቀቅኩላት።
(አሠልጣኟ «አትልቀቂ» ብላኝ ነበር፤ አልዋሽም።)
ጉድባውን እንዴት እንዳለፍነው ጉድባውን ጠይቁት፤ እኔ አላውቅም።
ከዚያ የጭድ ክምር፣ ከዚያ ዳገት፣ ከዚያ ንፋስ፣
ዓይኔ ውስጥ እንባ፣ ጆሮዬ ውስጥ የሷ እስትንፋስ፣
ጎኗ በጭኖቼ መሃል እንደ ወናፍ ሲነፋ፣ ሲመለስ።
ከሩቅ አቢሻግ ደርሳ ቆማለች፤ ንዳልም ደርሶ ቆሟል፤
ሰዓቱ ግን ይሮጣል፤
እኔን ብሎ ይሮጣል።

ደረስን።
ከአሥራ አራት ቡድን አሥራ ሦስተኛ።
(አሥራ አራተኞቹ መንገድ ስተው የሰው ወይን እርሻ ገብተው ነበር።)

ጾፊት በእግሯ መጣች፣ ጉራቻዋን እየሳበች፣ እየሰደበች፣ እየሳመች።
የጥንት ሰው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ይባል ነበር ብዬ ስነግረው
ንዳል ሳቀ። «አንቺማ አባ ሦስተኛ ነሽ» አለና
ደረቴ ላይ ባለው ቁጥር፣ በጭቃ ጣቱ ጻፈው።

ነገ ንጋት ላይ አውቶብሱን አስነሳለሁ፤
ጭኔ ተወቅጧል፤ ደረጃውን በምን እንደምወጣ እንጃ።
በመስታወቱ ከኋላ የሚሮጥ ሰው ባይስ?
እንጃ። የመነሻ ሰዓት የመነሻ ሰዓት ነው።
ፍሬኑን ግን፣ አልኳችሁ፣
እግሬ ያውቀዋል።